መጽሐፍን ከአንድ ደጅ ብቻ ስለ አለመጠበቅ

(በራዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)



ማታ የሥራ ሰዓት ካበቃ በኋላ በመገናኛ አደባባይ ወደ ኮተቤ የሚወስደውን ታክሲ ለመሳፈር የተሰለፈውን ሕዝብ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፥ ከሰልፈኛው መካከል አንዳንዱ ስልኩን ወደ ዓይኑ አቅርቦ በጣቱ ገጽ እየገፋ ሲያነብ ያያል። የሚያነበውም ወሬና መልእክት ብቻ አይደለም፤ መጽሐፍም ነው። ነገር ግን ያ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ከታተመው ላይ ገጽ በገጽ በፎቶግራፍ ተነሥቶ በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ፥ ጠርዙ የተቈረጠ፥ ፊደሉ የደበዘዘ፥ ደራሲውም አንድ ሳንቲም ያላገኘበት ቅጂ ነው።

ይህን አንባቢ ወዲያው በሌብነት መክሰስ ግን አይገባም። መጽሐፉን በሚገባው መንገድ ገዝቼ በኤሌክትሮኒክ ላንብብ ቢል ወዴት መሄድ እንደሚገባው የነገረው የለምና። የሰማው ነገር ቢኖር አማዞን ስለሚባለው የአሜሪካ የንግድ ድርጅትና ኪንድል ስለሚባለው መሣሪያው ብቻ ነው። ወደዚያ ቢሄድ ደግሞ በውጭ አገር ገንዘብ የሚከፍል የባንክ ካርድ ይጠየቃል፤ ካርዱን ቢያገኝም የሚፈልገው የአማርኛ መጽሐፍ በዚያ መደብር መገኘቱ ያጠራጥራል። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ምን እንደ ሆነ፥ ማንበቢያው መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ፥ ከታላቁ መደብር ሌላ የትኞቹ ደጆች ክፍት እንደ ሆኑ፥ ይህንንም ማወቅ ለእኛ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ባጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ነገሩን በቅርባችን ባለ ምሳሌ ብንጀምረው ይቀልላል። ከየካ ሆኖ ወደ ሰሜን ቀና ብሎ ለተመለከተ የእንጦጦ ተራራ በባሕር ዛፍ ተሸፍኖ ይታያል። ይህ ዛፍ የአገራችን ተወላጅ አይደለም፤ መገኛው አውስትራልያ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት አጥታ በተጨነቀች ጊዜ ገብቶ፥ ፈጥኖ በማደጉና ተቈርጦም ከጕቶው እንደ ገና በማቈጥቈጡ ለከተማዪቱ ባለ ውለታ ሆነ። ውለታው የማይካድ ነው። ይሁን እንጂ ብቻውን በነገሠበት ሥፍራ ከሥሩ ሌላው ተክል እንደ ልብ አይበቅልም። ስለዚህ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት በእንጦጦ ላይ ጽድን፥ ወይራንና ኮሶን የመሳሰሉ አገር በቀል ዛፎችን መልሶ የመትከል ሥራ ሲካሄድ ቈይቷል። ይህን ሥራ የጀመሩት ሰዎች ባሕር ዛፍን የጠሉ አይደሉም፤ ጫካው በአንድ ዛፍ ብቻ እንዳይቆም የፈለጉ ናቸው።

በኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት ንግድም የሆነው ይህን ይመስላል። አማዞን እ.ኤ.አ. በ1994 ተቋቍሞ በመጀመሪያ የሸጠው ዕቃ የታተመ መጽሐፍ ነበር። ኪንድል የተባለውን ማንበቢያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2007 ነው። በዚህ ዓይነት መሣሪያ እርሱ የመጀመሪያው አልነበረም፤ የጃፓኑ ሶኒ ከእርሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ ማንበቢያ ለገበያ አቅርቦ ነበር። አማዞን ግን መሣሪያውንና መደብሩን በአንድነት ስላያያዘ፥ መጽሐፉም ተገዝቶ ከአንድ ደቂቃ በኋላ በገዢው እጅ ስለ ተገኘ፥ ብዙ ሕዝብ ወደ እርሱ ጐረፈ። ይህም ውለታ የማይካድ ነው። ዳሩ ግን ደጁ አንድ ብቻ ሲሆን ሁለት ጕዳት ይከተላል።

የመጀመሪያው ጕዳት የቋንቋ ነው። ይህ መደብር ደራስያን መጽሐፋቸውን በኤሌክትሮኒክ እንዲያቀርቡባቸው በፈቀዳቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ በርካታ የአውሮፓ ቋንቋዎች፥ በጥቂት ሕዝብ ብቻ የሚነገሩትም ጭምር ሲገኙ፥ አማርኛ ለብዙ ዓመታት ሥፍራ ሳያገኝ ቈይቷል። እንግዲህ አንባቢው ሌላ ደጅ የማያውቅ ከሆነ፥ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማለት የባዕድ ቋንቋ መጽሐፍ ማለት ብቻ ይመስለዋል። ልጆቹም እንዲሁ እያሰቡ ያድጋሉ።

በታላቅ መደርደሪያ ላይ የራስን ቋንቋ ማጣት አዲስ ነገር አይደለም። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ሲሠሩ፥ በብዙ ቋንቋ ከተጻፉት የሕፃናት መጻሕፍት መካከል የአማርኛ መጽሐፍ አጡ። እርሳቸውም በማዘን ብቻ አልቀሩም፤ በእንግሊዝኛና በአማርኛ የተጻፈ የተረት መጽሐፍ አሳተሙ፤ ከዚያም ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ/ም በአዲስ አበባ የሾላን የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ከዚህ የምንማረው፥ መደርደሪያው ሥፍራ ባይሰጠን ሌላ መደርደሪያ መሥራት የሚቻል መሆኑን ነው።

ሁለተኛው ጕዳት የባለቤትነት ነው። ከየካ ገበያ አንድ የታተመ መጽሐፍ የገዛ ሰው መጽሐፉ የእርሱ ነው፤ ለወዳጁ ያውሰዋል፥ ለልጁ ያወርሰዋል፥ ሻጩ ሱቁን ቢዘጋም መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ ይኖራል። በኤሌክትሮኒክ የተገዛ መጽሐፍ ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ አይደለም። ገዢው የሚያገኘው መጽሐፉን ሳይሆን የማንበብ ፈቃድ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2009 አማዞን ሁለት የጆርጅ ኦርዌል ልብ ወለዶችን፥ የሸጠው ወገን የማሳተም መብት የለውም በማለት፥ ከገዢዎች መሣሪያ ውስጥ ከሩቅ ሆኖ ሰረዛቸው። ገንዘቡን መለሰ፥ የድርጅቱም መሪ በኋላ ይቅርታ ጠየቁ፤ ነገር ግን በሌሊት ቤት ገብቶ ከመደርደሪያ ላይ መጽሐፍ እንደ መውሰድ ያለ ሥራ የሚቻል መሆኑን ዓለም በዚያ ቀን ተረዳ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ደግሞ ይኸው መደብር ገዢዎች የገዙትን መጽሐፍ በኮምፒዩተር አውርደው በሽቦ ወደ መሣሪያቸው የሚያስተላልፉበትን አሠራር አስቀረ።

ይህ ጠባይ የአንድ ድርጅት ብቻ እንዳይመስለን፥ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 የመጻሕፍት መደብሩን በዘጋ ጊዜ የሆነውን እናስታውስ። ገንዘባቸው ለገዢዎቹ ተመለሰ፤ መጻሕፍቱ ግን ከሁሉም ዘንድ ጠፉ። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2025 መግቢያ ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ሕግ፥ ሻጩ «ግዛ» የሚለውን ቃል ሲጠቀም ገዢው የሚያገኘው ፈቃድ መሆኑን በግልጽ እንዲያስታውቅ ያስገደደው ይህን የመሰለ ነገር ስለ በዛ ነው።

አድማጮች ሆይ፤ እነዚህን ሁለት ጕዳቶች ካየን፥ መድኀኒቱን ለማግኘት አስቀድሞ የመጽሐፉን ጠባይ ማወቅ ይገባል። በስልካችን ላይ መጽሐፍ እያልን የምንጠራቸው ነገሮች ከሦስት ዓይነት አንዱ ናቸው። አንደኛው የመጽሐፍ ፎቶግራፍ ነው፤ መሣሪያው የሚያየው ሥዕል እንጂ ፊደል አይደለም። ሁለተኛው ፒዲኤፍ ነው፤ ይህ ከሥዕልም ከእውነተኛ ፊደልም ሊሠራ ይችላል፤ ገጹ ግን እንደ ታተመ ሆኖ የቆመ ስለ ሆነ፥ ለትልቅ ወረቀት የተዘጋጀውን በትንሽ ስልክ ለማንበብ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መጐተት ያስፈልጋል። ሦስተኛው ኢፐብ የሚባለው ነው። ኢፐብ እ.ኤ.አ. በ2007 በአሳታሚዎች ማኅበር የጸደቀ፥ የማንም ነጋዴ የግል ንብረት ያልሆነ አሠራር ነው። በዚህ መልክ የተዘጋጀ ጽሑፍ እንደ ውሃ ነው፤ የመያዣውን ቅርጽ ይይዛል። ዓይኑ የደከመ አንባቢ ፊደሉን ቢያሳድገው መሥመሩ ራሱን መልሶ ያስተካክላል፤ ማየት ለተሳነውም ሰው ኮምፒዩተሩ በድምፅ ሊያነብለት የሚችለው ይህን የመሰለ እውነተኛ ፊደል ያለውን ጽሑፍ ነው።

መለያውም ቀላል ነው። አንዱን ቃል በጣት ተጭኖ መያዝ ነው። ቃሉ ብቻውን ተለይቶ ከተመረጠ ጽሑፉ ፊደል ነው፤ ካልተመረጠ ሥዕል ነው።

ስለ ፊደላችን አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በመሥሪያ ቤት የቈየ ሰው ሁሉ እንደሚያስታውሰው፥ ቀደም ሲል በፓወር ግዕዝና እርሱን በመሳሰሉ የጽሕፈት ፕሮግራሞች የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፕሮግራም ወደሌለበት ኮምፒዩተር ሲዛወር ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆን ነበር። ምክንያቱም እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደሎቻችን የየራሱን ቍጥር ስለ ሰጣቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ከገባ ወዲህ ግን «ሀ» በአዲስ አበባም ሆነ በቶኪዮ አንድ ቍጥር አላት። ኢፐብ የሚዘጋጀው በዩኒኮድ ነው። ስለዚህ የቈየ ጽሑፍ ያለው አሳታሚ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ሊያዛውረው ይገባል፤ ይህ ሥራ ያልተሠራለት መጽሐፍ በኢፐብ በሚገባ ሊነበብ አይችልም።

አሁን ወደ መሣሪያው እንለፍ። እሑድ ጧት ወደ እንጦጦ ወጥቶ በ2013 ዓ/ም በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ውስጥ በአንድ ዛፍ ሥር የተቀመጠ ሰው ስልኩን አውጥቶ ለማንበብ ቢሞክር፥ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚያ ተራራ ላይ ፀሐዩ ብርቱ ስለ ሆነ፥ መስተዋቱ የራሱን ፊት መልሶ ያሳየዋል እንጂ ፊደሉን አያሳየውም። ለንባብ ብቻ የተሠራውን መሣሪያ ይዞ ቢሆን ግን ፀሐዩ በበረታ ቍጥር ፊደሉ ይጠራለታል። የዚህም ምክንያት ስልክ ከውስጥ ብርሃን እያበራ ፊደሉን የሚያሳይ ሲሆን፥ ይህኛው ግን እንደ ወረቀት ከውጭ የመጣውን ብርሃን የሚመልስ መሆኑ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከመስተዋቱ ሥር የጠጕርን ውፍረት የሚያህሉ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ ነጭና ጥቍር ቅንጣቶች በጠራ ፈሳሽ ውስጥ ይዋኛሉ። የኤሌክትሪክ ኀይል ሲነካቸው አንደኛው ወደ ላይ፥ ሁለተኛው ወደ ታች ይሄዳል፤ ጥቍሩ የወጣበት ፊደል፥ ነጩ የወጣበት ወረቀት መስሎ ይታያል። አንድ ጊዜ ከተደረደሩ ገጹ እስኪገለበጥ ድረስ ሌላ ኀይል አይፈጁም። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተሞላው ባትሪ ለሳምንታት ያገለግላል፤ መብራት በሚጠፋበት ሰሞን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ይህን የመሰለ መሣሪያ የሚሠራው አማዞን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ የተመሠረተው፥ በኋላም ራኩተን የተባለው የጃፓን ድርጅት የገዛው ኮቦ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 በዩክሬን ዋና ከተማ በኪየቭ ተጀምሮ ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ስዊትዘርላንድ ያዛወረው ፖኬትቡክ አለ። ከቻይና ደግሞ ቡክስ የተባለው ይመጣል፤ ይህኛው እንደ ስልክ በአንድሮይድ ስለሚሠራ መተግበሪያዎችን ይቀበላል።

በአገራችን ይህን ዕቃ በሱቅ ማግኘት ቀላል ስላልሆነ ብዙው ሰው የሚያገኘው በውጭ አገር ከሚኖር ዘመድ ነው። እንግዲህ ዘመድ «ምን ላምጣልህ» ብሎ ሲጠይቅ ዝም ብሎ ስም ከመጥራት ሦስት ጥያቄዎችን ማስቀደም ይገባል። መሣሪያው ኢፐብን ያነባልን? ከኮምፒዩተር በሽቦ ፋይል ይቀበላልን? ፎንት የሚባለውን የፊደል ቅርጽ ባለቤቱ ሊጨምርበት ይችላልን? የዚህ የሦስተኛው ጥያቄ ምክንያት፥ የግዕዝ ፊደል ያልተጫነበት መሣሪያ በፊደል ፈንታ ባዶ ሣጥኖችን ስለሚያሳይ ነው። ነፃ የግዕዝ ፊደል ቅርጾች በኢንተርኔት ላይ ይገኛሉ፤ ጠንቃቃ አሳታሚም ቅርጹን ከመጽሐፉ ፋይል ጋር አብሮ ይጨምረዋል።

ኪንድል በእጁ ያለውም ሰው መጣል አያስፈልገውም። ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በአማዞን የመላኪያ አገልግሎት በኩል የኢፐብ ፋይል ይቀበላል። ካሊበር የተባለው፥ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለሁሉም በነፃ የሚሰጠው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ደግሞ መጻሕፍትን በሥርዐት ለማስቀመጥና ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው ለመለወጥ ይጠቅማል። መሣሪያ የሌለውም አይዘን፤ ማንኛውም ስማርት ስልክ ኢፐብን የሚያነብ ነፃ መተግበሪያ ሊጫንበት ይችላል።

እንግዲህ ደጆቹን እንቍጠር። የመጀመሪያው የአገራችን ደጅ ነው። በቅርብ ዓመታት አፍሮ ሪድን የመሳሰሉ የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት፥ ተራኪን የመሳሰሉ ደግሞ በድምፅ የተተረኩ መጻሕፍት አቅራቢዎች ተነሥተዋል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ/ም ሥራ ከጀመረ ወዲህም በብር መክፈል ቀላል ስለ ሆነ፥ የውጭ ምንዛሪ ካርድ የሌለው ሠራተኛ ከአገር ውስጥ ሻጭ ለመግዛት የሚከለክለው ነገር የለም። ይሁን እንጂ እዚህም ያንኑ ጥያቄ መጠየቅ ይገባል። መጽሐፉ ከመተግበሪያው ውጭ የማይነበብ ከሆነ፥ ድርጅቱ ሲዘጋ መጽሐፉም ይዘጋል። ለራሳችን ነጋዴ ብለን መመዘኛውን ማላላት የለብንም፤ ለደራሲው የሚከፍል፥ ለአንባቢውም ፋይሉን የሚያስረክብ ሻጭ ቢገኝ ግን እርሱን ማስቀደም ይገባል።

ሁለተኛው የመብት ዘመናቸው ያለፈ መጻሕፍት ደጅ ነው። በአዋጅ ቍጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። እ.ኤ.አ. በ1919 የሞቱት የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፥ በ1938 የሞቱት የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፥ በ1947 የሞቱት የነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራዎች እንግዲህ የሁላችንም ሀብት ሆነዋል። እነዚህን መጻሕፍት በእውነተኛ ፊደል ጽፎ፥ አርሞ፥ በኢፐብ አዘጋጅቶ ለሕዝብ በነፃ መስጠት ማንንም አይጐዳም፤ ሕግንም አይጥስም። በአንጻሩ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ የሞቱት እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ሆነ «ፍቅር እስከ መቃብር» እስከ 2053 ድረስ በሕግ የተጠበቀ ነው። ስለዚህ በቴሌግራም የመጣልንን ቅጂ ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት አይገባም፤ አንዱን ማስተላለፍ በጎ ሥራ ሲሆን፥ ሌላውን ማስተላለፍ የደራሲውን ወይም የወራሾቹን እንጀራ መንጠቅ ነው። በተለይ በሕይወት ያለ ደራሲ ከአንዱ መጽሐፉ የሕትመቱን ወጪ ካልመለሰ ሁለተኛውን ለማሳተም ዐቅም አይኖረውም።

ሦስተኛው የቤተ መጻሕፍትና የትምህርት ተቋማት ደጅ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎቹን የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎች በኢንተርኔት ለሁሉም ከፍቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀው ብሔራዊ ፖሊሲም በሕዝብ ገንዘብ በዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራው ጥናት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ያዝዛል። በአንድ ጕዳይ ላይ ማስታወሻ የሚያዘጋጅ የመንግሥት ሠራተኛ ከዚህ የሚያገኘው ብዙ ነው።

አራተኛው የዓለም ደጅ ነው። ማይክል ሃርት የተባለው አሜሪካዊ ተማሪ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1971 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ላይ አንድ ጽሑፍ በእጁ ጽፎ ለሁሉም በሰጠ ጊዜ የተጀመረው ፕሮጀክት ጉተንበርግ፥ ዛሬ ከ70,000 በላይ መጻሕፍትን ያለ ክፍያና ያለ ቍልፍ ያቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1996 የተመሠረተው ኢንተርኔት አርካይቭም በፎቶግራፍ የተነሡ የቈዩ የአማርኛና ስለ ኢትዮጵያ የተጻፉ መጻሕፍት ይገኙበታል።

የብራና መጻሕፍታችንም ከዚህ ደጅ ይታያሉ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ አድባራትና ገዳማት ከ8000 በላይ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው፥ አንዱ ቅጂ በአገር ውስጥ ሲቀር ሌላው በአሜሪካ በሚኒሶታ ወደሚገኘው ሂል ቤተ መጻሕፍት ሄዷል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለብዙ ዓመታት ዝርዝራቸውን ያዘጋጁላቸው እነዚህ መጻሕፍት አሁን በብዛት በኢንተርኔት ይነበባሉ።

ነገር ግን ማንኛውም ደጅ፥ የቱንም ያህል ታላቅ ቢሆን፥ ሊዘጋ ይችላል። የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ከተወሰዱት የብራና መጻሕፍት ወደ 350 የሚጠጉትን ይዟል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹን በፎቶግራፍ አንሥቶ ለዓለም ከፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ግን የኮምፒዩተር ወንበዴዎች ስለ አጠቁት ይህ ሁሉ ለብዙ ወራት ተዘጋ። አባቶቻችን አንዱን መጽሐፍ በብዙ ገዳም ያስገለብጡ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ አንዱ ቢቃጠል ሌላው እንዲተርፍ ነው። እኛም በሕጋዊ መንገድ ያገኘነውን ፋይል በስልክ ላይ ብቻ ከመተው በኮምፒዩተርና በአንድ ሌላ ማስቀመጫ ብንይዘው የእነርሱን ጥበብ መከተላችን ነው።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን እንመለስ። የመንግሥት ሠራተኛ አንባቢ ብቻ አይደለም፤ የጽሑፍ ምንጭም ነው። መመሪያው፥ ሪፖርቱ፥ ማስታወቂያው ከእጁ ይወጣል። አንድ መመሪያ በኮምፒዩተር በእውነተኛ ፊደል ከተጻፈ በኋላ ታትሞ፥ ማኅተም ተደርጎበት፥ እንደ ገና በፎቶግራፍ ተነሥቶ ለሕዝብ ሲሰጥ፥ ፊደል የነበረው ሥዕል ይሆናል። ባለ ጕዳዩ የሚፈልገውን አንቀጽ ፈልጎ አያገኝም፤ ማየት የተሳነውም ጨርሶ ሊሰማው አይችልም። ማኅተም ካለበት ቅጂ ጋር የፊደሉንም ፋይል አብሮ ማውጣት ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጥቂት አሳቢነት ብቻ ነው።

ስለዚህ፥ አድማጮች ሆይ፤ የዛሬው ምክራችን ታላቁን መደብር ሽሹ የሚል አይደለም፤ ባሕር ዛፉን ንቀሉ እንደ ማለት ይሆናልና። የምንለው፥ መጽሐፍ ስትገዙ ፋይሉ በእጃችሁ የሚቀር መሆኑን ጠይቁ፤ መሣሪያ ስታስመጡ ክፍት የሆነውን አስመጡ፤ በሕይወት ላለው ደራሲ ክፈሉ፤ የሙታኑን መጻሕፍት በጥንቃቄ አዘጋጅታችሁ ለልጆች አስተላልፉ ነው። ይህ ከሆነ፥ በመገናኛ ሰልፍ ላይ የሚቆመው አንባቢ ነገ የሚያነበው የደበዘዘ ፎቶግራፍ አይሆንም፤ በጠራ ፊደል የተጻፈ፥ ደራሲው ዋጋውን ያገኘበት፥ የራሱ የሆነ መጽሐፍ ይሆናል። ጽድና ወይራ ቀስ ብለው የሚያድጉ ዛፎች ናቸው፤ ቢሆንም የሚያድጉት የተከላቸው ሲኖር ነው።